ቆርቆሮ ላይ የደረቀ ዱላ

ከደረቅ ኮር የስፖርት ክለብ የዕቃ ኃላፊነት በጡረታ ተሰናብቻለሁ። ያሰናበቱኝ ባለፈው ክረምት መግቢያ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን ከባጃጅ ሹፌር ነው። «ጋሽ ውበቱ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። «በምን?» ስለው «ጡረታ ወጡ አሉ» አለኝ። በማግስቱ አንድ የምስክር ወረቀት በመስታወት ገብቶ መጣልኝ። «ለአቶ ውብሸት፣ ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ይላል። ውብሸት የሚባል ሰው በክለባችን አልነበረም። ካለ ይምጣና ይውሰድ፤ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል።

በስሜ አልተናደድሁም። ያናደደኝ ከምስክር ወረቀቱ ጋር የታደለው ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። ርእሱ «የክለባችን አጭር ታሪክ» ነው። ማጠሩስ እውነት ነው። ጸሐፊው የአሁኑ ሊቀመንበራችን አቶ ሰሎሞን ነው፤ ባለ ሰሊጥ መጋዘን፣ ባለ ሁለት ትራክተር። በእሱ አጻጻፍ ክለቡ የተወለደው ቁጥር ያለው ማሊያ የተገዛ ዕለት ነው። ማሊያውን ማን ገዛው? አቶ ሰሎሞን። ክለቡን ክለብ ያደረጉት አያ ደሴ የሚባሉ ሰው ስማቸው የለም። የገና ጨዋታ የተነሳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም «አደገኛ ባህላዊ ጨዋታዎች በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ቀርተዋል» በሚል። ጉባኤው ሳይጠራ ውሳኔው ታሪክ ሆኖ ታትሟል!

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰሊጥ ላይ አሸዋ ደባልቆ ሊሸጥልኝ የመጣውን ሁሉ በመዳፌ አሸት አድርጌ መልሻለሁ። ይህንንም ታሪክ አሸት አደረግሁት። ሰሊጥ የለበትም።

ስለዚህ የማውቀውን እኔ እጽፋለሁ። ትምህርቴ መተማ ዮሐንስ፣ ከኬላው ገመድ ሥር ነው። እዚያ ባትሪ ድንጋይ፣ ገመድና ማጭድ ስሸጥ አድጌ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ደረቅ ኮር ላይ ሱቅ ከፈትሁ። ኮር የምንለው በክረምት ብቻ ውሃ የሚያየውን ወንዝ ነው። የእኛ ኮር በክረምት ትራክተር ይወስዳል፤ ከኅዳር በኋላ ግን አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወቱበታል።

ያን ጊዜ ክለብ የለም። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ማሽላው ሲቆረጥ፣ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት የቀን ሠራተኞች በዓሉን ከአገራቸው ርቀው ይውላሉ። የገና ዕለት አውድማው ላይ ያገኙትን ቆልማማ እንጨት ይዘው ሩሯን ይለጓታል። ሩር የሚሏት ከእንጨት ሥር የተጠረበች ኳስ ናት፤ ቅልጥም ላይ ስታርፍ አባትህን ታስጠራለች። አያ ደሴም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ከጎጃም ለአንድ አጨዳ መጥተው ቀሩ። ሞፈርና የመጥረቢያ እጀታ ይጠርባሉ። አንድ ገና ዳር ቆመው ጨዋታውን አዩና፣ «ይህ ጨዋታ አይደለም፣ የእንጨት ጠብ ነው» ብለው ገቡ። ክለቡ የተመሠረተው ያን ዕለት ነው። ማሊያ አልነበረም።

ሥርዓቱን ያወጡት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ አመራረጡ። ባለ እርሻው ከባለ እርሻ ጋር፣ ሠራተኛው ከሠራተኛ ጋር አይሰለፍም። ቁመትና ጉልበቱ ከሚመጣጠነው ጋር ይጣመዳል፤ ሁለቱ ዞር ብለው የምስጢር ስም ያወጡና ወደ አባቶቹ፣ ወደ ሁለቱ ቡድን መሪዎች ይመጣሉ። «ትራክተር ወይስ ግመል?» አባቱ «ግመል» ካለ ግመሉን ወሰደ። ግመሉ ባለ እርሻው ሊሆን ይችላል፣ ትራክተሩ ያ ትናንት ማሽላ ሲቆርጥለት የዋለው ልጅ።

ሁለተኛው ሥርዓት ሁሉም የሚያውቀው ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። በደጋ ይህ ተረት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ጌታው እዚያው ሜዳ ላይ፣ ከነቅልጥሙ ቆሟል። አያ ደሴ ታዲያ ለተረቱ ጥርስ አበቀሉለት። የተቆጣ ሰው ዱላውን ያስቀምጣል፤ ጀሪካን ይሰጠዋል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ለተጫዋቾች ውሃ ይቀዳል። ማንም ይሁን ማን።

አንድ ጊዜ ከገላባት ማዶ የሱዳን ቡድን መጣ። እግር ኳስ ላይ አሸዋ አስቃሙን። ከጨዋታው በኋላ ዑስማን የሚባል የጨው ነጋዴ፣ የእኔ ደንበኛ፣ «ይህን የናንተን የእንጨት ነገር እሞክራለሁ» ብሎ ጀለቢያውን እስከ ወገቡ ሰብስቦ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሩሯ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈች። የጮኸው ጩኸት በዐረብኛ ነው።

አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

«ስለ መቺው እናት ነው፣ አያ ደሴ።»

«እንግዲያው ተቆጥቷል። ጀሪካኑን ስጠው።»

ዑስማን ሲተረጎምለት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ እያነከሰ ውሃ ቀዳ። ያን ቀን ውሃ ያልጠጣ ሰው የለም፤ ያልጠማውም ጠጥቷል። ዛሬ ማዶው ጦርነት ነው፤ ዑስማን የት እንዳለ አላውቅም። ሰው ሲያልፍ እጠይቃለሁ። የሌላ አገር ሰው ሥርዓታችንን አክብሮ ውሃ ቀዳልን እላለሁ፤ የምለው በምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

የዕቃ ኃላፊ የሆንሁት ሱቄ ቆርቆሮ ስለነበረ ነው። ሌላው ሁሉ ሣር ቤት ነበር፤ ዱላውን የሚያስቀምጥበት የለም። ሊቀመንበር ብዙ አየሁ፤ መምህር፣ የእርሻ ባለሙያ፣ አንድ ማኅተሙን ይዞ የጠፋ። ደሞዝ ኖሮኝ አያውቅም፤ አንድ ፊሽካ ተሰጥቶኝ ነበር፣ እሱንም መምህሩ ወሰደው። ሥራውን ግን ከአያ ደሴ ተማርሁ።

የገና ዱላ ክርክራ ከምንለው ዛፍ ነው። በቆላችን ከእሱ የሚጠነክር እንጨት አለ፤ ግን የጠነከረ ሁሉ ዱላ አይሆንም፤ ዱላ የሚሆነው ተመትቶ የማይቀየም እንጨት ነው ይሉ ነበር። ዛፉ ቅጠሉን ካረገፈ በኋላ፣ በየካቲት፣ አብረን እንወጣለን። ተፈጥሮ ያጎበጠውን ቅርንጫፍ እንጂ በእሳት የሚጎብጠውን አይፈልጉም። ዛፉን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ተጉዘን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። እኔ ነጋዴ፣ ባዶ እጅ መመለስ ያመኛል።

«አያ ደሴ፣ ያ በግራ በኩል የነበረው ቅርንጫፍ ምን ነበረበት?»

«ምንም የለበትም።»

«ታዲያ ለምን አልቆረጥነውም?»

«ቸኩለህ ስለነበር።»

የተቆረጠው ልጡ አይነሳም። ሁለቱ ጫፍ በእበት ይመረግና ጎተራ ሥር፣ ጥላ ውስጥ፣ ክረምቱን ሙሉ ይተኛል። ፀሐይ አያየውም። ከመስከረም በኋላ ልጡ ይነሳል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፣ ግመል ከምታዞረው መጭመቂያ በመጣ የሰሊጥ ዘይት ይታሻል። ከዚያ ፈተናው። በሁለት ጣት አንጠልጥለው በሌላ ዱላ ይመቱታል። የደረቀው ቅል እንደሚመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ውስጡ ያልደረቀው ድም ይላል፣ ትራስ እንደመታህ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የገዛ ቅልጥማቸውን ይመቱበታል። እያንዳንዱን ዱላ። «ሌላውን ከመምታቱ በፊት እኔን ይወቀኝ» ይላሉ። የአያ ደሴ ቅልጥም የዱላ መዝገብ ነበር።

አሁን የማያኮራኝን ልጻፍ።

አንድ ዓመት የአብርሃ ጅራ ከተማ ሰዎች ለገና ሊገጥሙን ቀጠሮ ያዙ። አያ ደሴ በኅዳር ወባ ጥሏቸው ጎንደር ሆስፒታል ተኝተዋል። እኔ ደግሞ ንግድ ላይ፣ መተማ ዮሐንስ ከርሜ ስመለስ የዓመቱን ዱላ በሙሉ ምስጥ በልቶታል። መሬት ላይ አታስቀምጥ ተብዬ ነበር። መሬት ላይ አስቀምጬ ነበር።

ምስጥ በላው ማለት ነበረብኝ። የዕቃ ኃላፊ ዕቃ የለውም መባል ግን ከበደኝ። ጫካ ወጥቼ ክርክራ ቆረጥሁ፤ ቅጠሉ ያልረገፈ፣ ሲቆረጥ የሚያለቅስ። ልጡን ያኔውኑ አነሳሁ። ክረምት ሙሉ የሚጠይቀውን እንጨት የሱቄ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። የመተማን ፀሐይ የማያውቅ ሰው አይፈርድም፤ ቀትር ላይ ያ ቆርቆሮ ሊጥ ያበስላል። በአሥር ቀን ላዩ አጥንት መሰለ። ስንጥቁን በሰሊጥ ዘይት አስታመምሁት፤ አማረ። አንጠልጥዬ መታሁት። ድም አለ።

ሰማሁት። አንባቢዬ ይህን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ አልሰማሁም አልልም። ሌላውንም መታሁ፤ ድም። ቅልጥሜ ላይ አልሞከርሁም። ለሁለቱም ቡድን አደልሁ።

ማንደፍሮ የዚያን ዘመን ፈጣናችን ነበር፤ ሲሮጥ አቧራው ከኋላው ይደርስበት ነበር። የአብርሃ ጅራው ተጫዋች ሩሯን ሊለጋ ዱላውን ሰነዘረ፤ ዱላው ከአንገቱ ተሰበረ፣ ስንጣሪው በረረ። ማንደፍሮ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆመ። አልወደቀም። «ምን ገባብኝ?» ብቻ አለ። በሰሊጥ መኪና ገንዳ ውኃ ከተማ አደረስነው፣ ከዚያ ጎንደር። ግራ ዓይኑ ጠፋ።

ሰው ሁሉ ያንን ተረት አለ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ማንደፍሮም አለ፣ እናቱም እያለቀሱ አሉ። ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ተረቱ ሥር ገብቼ ተጠለልሁ፤ ጥሩ ጥላ ነበር።

አያ ደሴ ከሆስፒታል ሲመለሱ ስባሪውን አስመጡ። አሸተቱት። ጥፍራቸውን መሐሉ ላይ ተከሉበት። ቀና ብለው የሱቄን ጣሪያ አዩ፣ ከዚያ እኔን። ስባሪውን ወስደው በቆርቆሮውና በማገሩ መካከል፣ ከመግቢያዬ በላይ ሰኩት።

«ምንድን ነው፣ አያ ደሴ?» አልሁ፣ ሌባ ነኝና።

«ቆርቆሮህ ነፋስ እንዳይወስደው ነው» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እስኪሞቱም አልጨመሩም። ስባሪውን ማንም አልነካውም፤ እኔ ግን ሱቅ በከፈትሁ ቁጥር ከሥሩ አልፌያለሁ።

ወደ አቶ ሰሎሞን ልመለስ። በአምናው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገባ፤ ፎቶ አንሺ ይዞ። ከአንድ ከወሎ ከመጣ ሠራተኛ ጋር ተጣምዶ ምስጢር አወጡ፣ ተማረጡ፣ በተቃራኒ ወገን ወደቁ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሩሯን ስቶ የአቶ ሰሎሞንን ቅልጥም አገኘ።

«አንተ! እኔን ታውቀኛለህ?» አለ አቶ ሰሎሞን እግሩን ይዞ።

«ኧረ አላውቅዎትም፣ ጌታዬ» አለ ልጁ። «እግርዎትን ግን አሁን ተዋወቅሁት።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አቶ ሰሎሞን ዱላውን ወርውሮ ተሳደበ፤ የልጁን አገር፣ የልጁን እጅ፣ የልጁን እንጀራ። እኔም እንደ ሥርዓቱ ጀሪካኑን ይዤ ቀረብሁ።

«አቶ ሰሎሞን፣ ተቆጥተዋል። ሥርዓቱ ነው።»

«ምን ላድርገው?»

«ውሃ ይቀዱበታል።»

«እኔ? ውሃ? ለእነዚህ?» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ፎቶ አንሺውን ረስቶት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተውሉ። ጨዋታው አደገኛ ሆነ። እኔ አረጀሁ። አያ ደሴ አልተወለዱም። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቅልጥም ነው! ስንት ባለ እርሻ ተመትቶ ውሃ የቀዳበት ሜዳ፣ አንዱ አልቀዳም ስላለ ይዘጋ? ያ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ አቤት ወዴት ሲል ከርሞ፣ ሰው ከሰው እኩል የሚቆምባት አንዲት ቀን ናት ያለችው። እሷንም ቆጠሩበት!

ጉባኤው ባለፈው መስከረም ማብቂያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በራሱ በአቶ ሰሎሞን መጋዘን ተጠራ። ጆንያ ላይ ተቀመጥን። አቶ ሰሎሞን ረቂቅ ውሳኔውን አነበበ። የገና ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ይቅር ይላል፤ ክለቡ የእግር ኳስ ብቻ ይሁን። «ምክንያት» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና አለ። «የወንድማችን የማንደፍሮ ዓይን ምስክር ነው። ሌላ ዓይን እስኪጠፋ እንጠብቅ?»

ማንደፍሮ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። ዓይኑን ብቻ ጠቀሱት።

ተነሳሁ። «የማንደፍሮን ዓይን ተወው! ያስጨነቀህ የራስህ ቅልጥም ነው! የቀረህ ዕዳ አንድ ጀሪካን ውሃ ነው፤ እሱን ላለመቅዳት የአገር ጨዋታ ታጠፋለህ?» ሌላም አልሁ፤ ሁሉም አይጻፍም። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሰው አጨበጨበ።

አቶ ሰሎሞን ሞኝ አይደለም። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «ጥሩ፣ ጋሽ ውበቱ። ጨዋታው ካልሆነ ዓይኑን ያጠፋው ማን ነው? እኔ ነኝ?» አለ።

በንግድ ዘመኔ ከብዙ ጥግ ወጥቻለሁ። ያን ጊዜም መውጫው ታየኝ፤ ዕድል ነው ብል ሁሉም አሜን ይል ነበር። ግን ዕድል ካልሁ ጨዋታው ይሞታል፤ ዕድልን ማን ይከለክለዋል? የሚከለከለው ጨዋታው ነው። ጨዋታውን ላድን ከሆነ ጥፋተኛ ማቅረብ አለብኝ፤ ያለኝ ጥፋተኛ ደግሞ አንድ ነው።

ከጋቢዬ ሥር ስባሪውን አወጣሁ። ያን ቀን ጠዋት ከማገሩ ነቅዬው ነበር፤ ለምን እንደነቀልሁት ለራሴም አልነገርሁት።

«ዓይኑን ያጠፋው ይህ ነው» አልሁ። «ይህን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሮ ላይ፣ በአሥር ቀን። ስመታው ድም ብሏል፤ ሰምቻለሁ። በአያ ደሴ ዱላ አንድም ሰው ዓይኑን አላጣም። በእኔ ነው ያጣው።»

ተቀመጥሁ። ማንም ወደ ማንደፍሮ ማየት አልደፈረም፤ እሱ ግን ተነስቶ መጣ። ስባሪውን ተቀበለኝ፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ማንደፍሮ አንቱ ሲለኝ ነው የኖረው።

«አውቃለሁ» አለ። «ያን ቀን ዓይኔ ላይ ሳለ ሸትቶኛል። የርጥብ እንጨት ሽታ ነው። አንተ መቼ እንደምትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ብለህ አልነበረም?» አልሁት።

«ለጨዋታው አልተቆጣሁም። ቁጣዬን ላንተ ነው ያስቀመጥሁት።» ወደ ጉባኤው ዞረ። «ዓይኔን ለማንም ምክንያት አላዋጣሁም። ያለኝ ቀሪ ዓይን ነው፤ በእሱ ጨዋታ ማየት እፈልጋለሁ። ገና ይቀጥል የምትሉ እጅ አውጡ።»

ከጆንያው ላይ እጆች ወጡ። አቶ ሰሎሞን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፤ ነጋዴ ነው፣ ቁጥሩ እንደማይለወጥ ያውቃል። ማንደፍሮ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስገባ፤ በቃለ ጉባኤ ተጽፏል። ዱላውን ውበቱ ይሠራል፤ እንደ አያ ደሴ፣ ክረምት አስከርሞ። ማንደፍሮ ደግሞ እያንዳንዱን በጆሮው ይፈትሻል፤ ድም ያለ ሜዳ አይገባም። የአያ ደሴም ስም ከታሪኩ ራስ ላይ ይገባል። ዘንድሮ የክረምት እንጨት ስላልነበረን ጎረቤቶች የአያ ደሴን ዘመን ዱላ ከየጓዳቸው እያወጡ ሰጡን፤ የተገኘው ለጨዋታው አነሰ እንጂ ለፈተናው በቃ።

የገና ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ ሜዳው ዳር ተቀምጠን አንድ በአንድ አንጠለጠልሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። የመጀመሪያውን ጣለው። ምስጥ ገብቶበታል፤ ልክ ነው። ሁለተኛውን ጣለው፤ ተሰንጥቋል፣ ልክ ነው። ሦስተኛው ጥርት ብሎ ጮኸ። ጣለው።

«ኧረ ይኼ ደህና ነው!» አልሁ። «ምን ነበረበት?»

«ምንም የለበትም።»

«ታዲያ?»

«ቸኩለህ ነበር» አለ፤ ከዚያ አንዱን ዓይኑን ከፍቶ አየኝ። «ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም!»

«ጀሪካኑ እዚያ ነው» አለኝ።

ብድግ አልሁና ውሃ ቀዳሁ።